ኢቲዳልና የግምጃ ቤቱ ሰርቨር

ከኢቲዳል ጋር መጀመሪያ የተጣላነው በቁልፍ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን ግምጃ ቤቴ በር ላይ መጥታ፣ «እትዬ የሻረግ፣ ማሽኑ ያለው አንቺ ጋ ነው፤ አንድ ቁልፍ ብትሰጪኝ» አለችኝ። እኔ ቁልፍ አልሰጥም። አሥራ አራት ዓመት በንብረት ሥራ ላይ ስቆይ ቁልፌን የያዘ ሰው የለም፤ ባሌ እንኳ ቦርሳዬን አይነካም። «እኔ ስከፍት ትገቢያለሽ፣ እኔ ስዘጋ ትወጫለሽ» አልኳት። ታኮርፋለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሳቅ አለችና፣ «ወላሂ እንደሱ ይሻላል። አንድ ነገር ቢጠፋ እኔ አልጠየቅም» ብላኝ ሄደች። ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት ያልኩት ያን ቀን ነው። ለሷ ግን አልነገርኳትም፤ ሰው ቶሎ ማመስገን አልወድም።

መሥሪያ ቤታችን አሶሳ ነው፤ ሥራችን በየገጠሩ የተበላሹ የእጅ ፓምፖችን መጠገን ነው። ባምባሲ፣ መንጌ፣ ከዚያም እስከ ኩርሙክ ድረስ ሠራተኞች አሉን። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ፓምፑ ሲበላሽ መንደሩ ያመለክታል፤ ጠጋኝ ይላካል፤ ከእኔ ዕቃ ያወጣል፤ ጠግኖ ይመለሳል። ግን ማን ሄደ? የትኛው ተጠገነ? የትኛው ቀረ? ይኼን የምንከታተልበት ባሕር ማዶ ያለ አንድ ድረ ገጽ ነበረን፤ ኢንተርኔት በሄደ ቁጥር አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ወረቀት ላይ እንጽፋለን፣ ከዚያ ወረቀቱ ይጠፋል። አምና ኩርሙክ በኩል ያለ አንድ መንደር ማመልከቻው በድረ ገጹና በወረቀቱ መካከል ቀርቶ በጋውን ሙሉ ሴቶቹ የሁለት ሰዓት መንገድ ሄደው ውኃ ሲቀዱ ባጁ። ያንን የነገረን የኩርሙኩ ጠጋኞች መሪ ዓብዱልላጢፍ ነው። እኛም አፈርን።

ሥራ አስኪያጃችን አቶ ጌትነት በዚህ ጊዜ ነው ቆርጠው የተነሡት። ወይ ሲስተሙ እዚሁ በራሳችን ማሽን ላይ ይተከላል፣ ወይ ሥራው ለአንድ የአዲስ አበባ ድርጅት ይሰጣል። ኢቲዳል ገና የሙከራ ጊዜዋን አልጨረሰችም ነበር። እጇን አንሥታ፣ «እዚሁ ይተከል፤ እኔ እተክለዋለሁ» አለች። አቶ ጌትነትም መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እስከ ዓርብ መጋቢት አምስት። የየወረዳው ቡድን መሪዎች ስብሰባ አለን፤ እነሱ ፊት ከሠራ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካልሠራ ደግሞ መደቡ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል» አሏት። እሷም እሺ አለች።

ይኼ እሺታ ለሷ ምን ማለት እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ግምጃ ቤት ውስጥ አብሮ የዋለ ሰው ብዙ ይጫወታል። ኢቲዳል የመንጌ ልጅ ናት፣ ከበርታ ሕዝብ ናት። እናቷ ወርቅ የሚያወጡ ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንዝ ዳር ቁጭ ብለው አሸዋ በገበቴ ሲያጥቡ፣ ሲያጥቡ ኖረዋል። ኢቲዳልም ከትምህርት ቤት መልስ ጎንበስ ብላ አሸዋ ስትጭን ነው ያደገችው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ አዲስ አበባ አንድ ዓመት ሠራች፤ ጥሩ ሥራ ነበር ይባላል። እናቷ ሲታመሙ ጥላው መጣች። ከዳኑም በኋላ አልተመለሰችም። «እናቴ መንጌን አትለቅም፤ እኔ ደግሞ እናቴን አልለቅም» አለችኝ አንድ ቀን፣ እንደ ቀላል ነገር። አሶሳ ውስጥ እንዲህ ያለ ሁለተኛ መደብ የለም። ይኼ ከቀረ ያላት ምርጫ ሻንጣ ማንሣት ብቻ ነበር።

ማሽኑን፣ ሰርቨር የሚሉትን ኮምፒውተር፣ እኔ ነኝ የማውቀው። ከተዘጋ ፕሮጀክት የተረፈ አሮጌ ነው፤ በሞዴል 19 ቅጽ ገቢ ያደረግኩት ራሴ ነኝ፣ ቁጥሩን በቃሌ እልልሃለሁ። የብረት ፍርግርግና ፋን ያለው ክፍል የኔ ግምጃ ቤት ብቻ ስለሆነ እዚያው ጥጉ ላይ፣ በፓምፕ ዘንጎችና በቧንቧ ካርቶኖች መካከል ተቀመጠ። አቶ ጌትነት ላዩ ላይ «ከባለሙያ በስተቀር መንካት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት አስለጠፉበት። እኔም እንዳነበብኩ ፈርሜያለሁ። ማብራት ግን ተፈቅዶልኛል፤ ጠዋት የምከፍተው እኔ ነኛ።

ሰኞ መጋቢት አንድ ጠዋት ኢቲዳል ፍላሽ በአንገቷ አንጠልጥላ መጣች። የሚያስፈልጋትን ሁሉ ቤቷ ሆና አውርዳ ጨርሳለች። «ይኼ ማሽን ኢንተርኔት አያይም» አለችኝ። «ከግቢያችን ዋይፋይ ጋር ብቻ ነው የሚነጋገረው። ኢንተርኔት ቢኖር ባይኖር ግድ የለውም። ከገጠር የሚመጣውን በስልክ ይነግሩናል፣ እዚህ እንመዘግበዋለን።»

«ዊንዶውስ ምን አጠፋ?» አልኳት፣ ሊኑክስ የሚለውን ስትጠራ ሰምቼ።

«ምንም አላጠፋም። ለዚህ ሽማግሌ ግን ይከብደዋል። ይኼኛው ቀላል ነው፣ በነፃም ነው፤ ደግሞ ያዘዝኩትን እንጂ ሌላ አይሠራም።»

«እንደሱ ያለ ባል ነበር የሚያስፈልገኝ» አልኳት፤ ሁለታችንም ሳቅን።

እኔ ዘንግ እየቆጠርኩ እሷን አያለሁ። ጥቁር ገጽ ላይ ነጭ ፊደል ትጽፋለች፣ ታነባለች፣ አንገቷን ትነቀንቃለች፣ እንደገና ትጽፋለች። አትቸኩልም። ያ ነው የገረመኝ። ከአዲስ አበባ ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚመጡትን አውቃቸዋለሁ፤ ስልካቸው ሲጮህ፣ ሲሮጡ፣ ምሳ ሲያማርጡ ነው የማውቃቸው። እሷ ጾመኛ ናት፣ ረመዳን ነው፤ እኔም ዐቢይ ጾም ላይ ነኝ። ሁለት ጾመኛ ሴቶች በዚያ ሙቀት አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ቁጣ አልነበረም።

«አሁን ዳታቤዙን አቆምኩ» አለችኝ።

«በሰው ቋንቋ ንገሪኝ።»

አሰብ አደረገችና መደርደሪያዬን አሳየችኝ። «ዳታቤዙ ይኼ መደርደሪያ ነው። ፕሮግራሙ አንቺ ነሽ፤ ምን የት እንዳለ ታውቂያለሽ። ዓብዱልላጢፍ በስልኩ ሲከፍት ደግሞ መስኮትሽ ላይ መጥቶ ዕቃ የሚጠይቅሽ ሰው ነው።»

«ፓስወርዱስ?»

«እሱ መታወቂያው ነዋ። መታወቂያውን ሲያሳይ ማሽኑ የይለፍ ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ይዞ ይገባል፣ ይወጣል።»

እውነቱን ልናገር፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሥራዬን እንደዚህ አሳምሮ የገለጸልኝ ሰው አልነበረም።

ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ስልኬን ተቀበለችኝና አንድ አድራሻ ጻፈችበት። ስሜንና ፓስወርዴን አስገባሁ። ገጹ በአማርኛ ተከፈተ፤ ራሷ ናት የተረጎመችው። ሦስት ዓምድ አለው፤ ያልተጀመረ፣ በሥራ ላይ፣ ያለቀ። እያንዳንዱ ፓምፕ አንድ ካርድ ሆኖ ይቀመጣል፤ ሥራው ሲገፋ ካርዱም ከዓምድ ወደ ዓምድ ይገፋል። የመንደሩ ስም፣ የጠጋኙ ስም፣ ከኔ የወጣው ዕቃ፣ ሁሉም አለ። ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ስልኩን እያወጣ ገባ። አቶ ጌትነትም ከቢሯቸው ሆነው ገቡና፣ «ጎሽ!» አሉ። ከሳቸው አፍ ጎሽ ሲወጣ ስሰማ ለሁለተኛ ጊዜ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮዬ ከፈትኩ፣ ማሽኑን አበራሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከየቢሮው ጩኸት መጣ። ፓስወርዱን ያስገባሉ፤ ማሽኑ «ተሳስተሃል» አይልም፣ አይቆጣም፤ መልሶ ያው የመግቢያው በር ላይ ያቆማቸዋል። ደግመው ያስገባሉ። ያው ነው። ኢቲዳል ስታይ ቆየችና፣ ማሽኑ የሚመዘግበውን ሁሉ አነበበች። ምንም ስህተት የለም። ፓስወርዱ ልክ ነው ይላል፤ አስገብቻቸዋለሁ ይላል። ሰዎቹ ግን ውጭ ናቸው።

«ትናንት አንድ ነገር አበላሽቼ ይሆናል» አለች። ሁሉንም አጠፋችው። ከሊኑክሱ ጀምራ እንደገና፣ ከዜሮ ተከለችው። ወደ ማታ ገደማ ሠራ። ሁሉም ገባ።

ረቡዕ ጠዋት ያው ሆነ። ፓስወርድ ይቀበላል፣ በር ላይ ይመልሳል።

ያን ቀን ሰው ማውራት ጀመረ። «ጂን ነው» አለ አንዱ። «ሌሊት ሰው ይነካዋል» አለ ሌላው፤ ሲናገር ወደ ግምጃ ቤቴ እያየ፤ እኔም መልሱን ሰጠሁት፣ ሁለተኛ አልደገመውም። ኢቲዳል ግን ድምፅዋ እንኳ አልተቀየረም። የማሽኑን መዝገብ በወረቀት አትማ ለአቶ ጌትነት ወሰደችላቸው። «ይኸው፣ ማሽኑ ራሱ ምንም ስህተት አልመዘገበም። ምክንያቱን አገኘዋለሁ» አለቻቸው። እሳቸውም ወረቀቱ ሥር «አይቻለሁ» ብለው ፈረሙ። ቅጂው ማሽኑ ንብረት ስለሆነ ለኔ መጣ፣ አስቀመጥኩት።

አሁን የማፍርበትን ልንገርህ። ወረቀቱን ልቀበል ቢሯቸው ስገባ አቶ ጌትነት፣ «አንቺ አብረሻት ትውያለሽ፤ ትችለዋለች?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም የተጠየቅኩ ጊዜ ዝም ማለት የማልችል ሰው፣ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ግን ይኼ ነገር ከአቅሟ በላይ ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እሳቸውም ስልካቸውን አንሥተው የአዲስ አበባውን ድርጅት ቁጥር ሲፈልጉ አየኋቸው።

ኢቲዳል ለሦስተኛ ጊዜ ከዜሮ ተከለችው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ ማታ ሠራ። ስንወጣ በሩን እየቆለፍኩ ሳለ አጠገቤ ቆመች። «እትዬ የሻረግ» አለችኝ፣ «ስትዘጊ ይሠራል፤ ስትከፍቺ አይሠራም። ስለዚህ ነገሩ ያለው በመካከል ነው። ነገ ስትከፍቺ አብሬሽ ልግባ።»

ሐሙስ ጠዋት ከኔ ቀድማ በሩ ላይ ነበረች። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ አድሯል፤ በዚህ ወቅት የማይጠፋበት ቀን የለም። መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆየው ዩፒኤስ ጥቂት ደቂቃ ይይዘውና እሱም ይሞታል። መብራቱ ተመልሷል። ገባን። ቦርሳዬን ሰቀልኩ፣ የማሽኑን ቁልፍ ተጫንኩ። ስክሪኑ ላይ እንደ ልማዱ ያ የታወቀው ገጽ መጣ፤ ቀንና ሰዓት አልተሞላም የሚለው። መነጽሬን አደረግኩ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ፣ ሞላሁ። ቀን 4፣ ወር 7፣ ዓመት 2017። ሰዓቱንም ከእጄ ሰዓት አይቼ ሞላሁ። ከዚያ አስቀምጥ የሚለውን ተጫንኩ።

ኢቲዳል ከኋላዬ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች።

«እትዬ የሻረግ፣ ምንድን ነው የጻፍሽው?»

«ቀን ነዋ።»

«ሁልጊዜ ትጽፊያለሽ?»

«መብራት በጠፋ ቁጥር። እሱ ይረሳል፤ እኔ አልረሳም። ቀን የሌለው ነገር እዚህ ክፍል ውስጥ የለም።» ይኼን ስል ኮርቼ ነበር። ንብረት ላይ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ቀን ያልተጻፈበት ሞዴል ለኦዲተር ግብዣ ነው። ማሽኑ ቀን ሲጠይቀኝ በመከባበር የተጠየቅኩ መስሎኝ ነበር እንጂ መንካት ነው ብዬ አላሰብኩትም።

ኢቲዳል ቧንቧ ካርቶን ላይ ዘፍ አለች። መጀመሪያ የምታለቅስ መሰለኝ። እየሳቀች ነው። እንባዋ እስኪወርድ፣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ኸላስ!» አለች፣ «አለቀ፣ አገኘሁት!»

ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ስልኮቹ ሁሉ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ነው፤ ለነሱ ዘንድሮ 2025 ነው። ማሽኑም በፈረንጅ ነው የሚያስበው። እኔ 2017 ስለው የፈረንጅ 2017 ነው ብሎ አመነኝ፤ ስምንት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ዘመን ወደ ኋላ ተመለሰ። ሰው ፓስወርዱን ሲያስገባ ማሽኑ የይለፍ ወረቀቱን ይሰጣል፤ ለሁለት ሳምንት ያገለግላል ብሎ ከራሱ ቀን ቆጥሮ ይጽፍበታል። ስልኩ ወረቀቱን ሲያየው ከሰባት ዓመት በፊት ያለፈበት ነው። ይጥለዋል። ስለዚህ ሰውየው እንደገና በር ላይ ነው። እሷ እንደ አዲስ ስትተክለው ቀኑን በትክክል ስለምትሞላ ይሠራል፤ መብራት ሄዶ እኔ ስሞላው ይበላሻል።

«ጊዜው ያለፈበት ሞዴል 22 ይዤ ብመጣ ዕቃ ታወጪልኛለሽ?» አለችኝ።

«በሕልሜም አላወጣ!»

«ስልኮቹም እንዳንቺ ናቸው።»

አፈርኩ። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት እኔ ነኝ» አልኩ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች። «እኔስ? መዝገቡን ዐሥር ጊዜ አንብቤዋለሁ። እያንዳንዱ መስመር ራስ ላይ 2017፣ 07፣ 02 ይላል። ማክሰኞ መጋቢት ሁለት ነዋ! ዓይኔ ልክ ነው ብሎ አለፈው። ፈረንጅ ቢሆን በአንድ ደቂቃ ያየው ነበር። እኛ ግን ለኛ ልክ ስለሆነ አላየነውም።»

ማሽኑን ፈታችው። ውስጡ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ባትሪ አለ፤ መብራት ሲሄድ ቀኑን የሚይዝለት እሱ ነው፤ ደርቆ ሞቷል። ገበያ ያለው ሰዓት ሠሪ ጋ ሄዳ ተመሳሳዩን ይዛ መጣች። ከገጠመችው በኋላ ሆን ብላ ሦስት ጊዜ ከሶኬቱ ነቀለችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ቀኑን ይዞ ተነሣ። ሁሉም ሰው ገባ።

«ለአቶ ጌትነት ምን ልትያቸው ነው?» አልኳት። የተለጠፈው ወረቀት ላይ ፊርማዬ አለ። ክልክል የተባለ ንብረት መንካት ለሌላ ሠራተኛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ለንብረት ኃላፊ ደግሞ ከዚያም በላይ ነው።

«ባትሪ ነው እላቸዋለሁ። ውሸት አይደለም፤ ባትሪ ነው።» ይኼን ብላ ዕቃዋን ሰበሰበች።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ተሰበሰብን። ከየወረዳው የመጡት ቡድን መሪዎች ስልካቸውን ይዘው ጠረጴዛውን ከበቡ። ዓብዱልላጢፍ ሐሙስ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣ ነው፤ የኩርሙክ መንገድ አቧራ ገና ከጆሮው ሥር አልለቀቀም። ስብሰባው እንደተጀመረ መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ዘግይቶ ተነሣ፤ ማሽኑ ጠፍቶ ተመለሰ። ኢቲዳል ከወንበሯ እንኳ አልተነሣችም። «ግቡ» አለች። ገቡ። ዓብዱልላጢፍ በወፍራም ጣቱ ያንን የአምናውን መንደር ስም ጻፈ፤ ካርዱ በሁሉም ስልክ ላይ ብቅ አለ።

«አሁን ይሄ ፓምፕ አትጠፋም?» አለ ወደ ኢቲዳል ዞሮ።

«አትጠፋም።»

«ኢንተርኔት ቢጠፋም?»

«ቢጠፋም።»

ስልኩን ደረቱ ላይ ያዘው። ሌሎቹም አጨበጨቡ።

አቶ ጌትነት ግን አላጨበጨቡም። «መልካም ነው» አሉ። «አንድ ነገር ልጠይቅ። ሦስት ቀን ሙሉ ምን ሆኖ ነበር?»

«ባትሪ ነበር» አለች ኢቲዳል። «የውስጥ ባትሪው ሞቶ ነበር፤ ቀየርኩት።»

«ባትሪ!» አሉ። «አንድ የሰዓት ባትሪ ለማወቅ ሦስት ቀን? ሁለት ጊዜ አፍርሶ መሥራት? ልጄ፣ አትቀየሚኝ። ዛሬ ሠርቷል፤ ነገ ሌላ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ሦስት ቀን ልንጠብቅ ነው? መንደሮቹ አይጠብቁም። የአዲስ አበባዎቹ ባለሙያዎች በአንድ ሰዓት ያውቁት ነበር። መደቡ ወደዚያ ቢሄድ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።»

ኢቲዳል አንገቷን ቀና አድርጋ አየቻቸው። አንዲት ቃል ብትናገር ትድናለች። አልተናገረችም። ወደ እኔም አልተመለከተችም። ብትመለከተኝ ኖሮ ምናልባት ተቆጥቼ ዝም እል ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ። አለማየቷ ነው የገደለኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ደረቴ ውስጥ ሲነቅዝ ተሰምቶኛል።

ተነሣሁ። «አቶ ጌትነት፣ ባትሪ አይደለም፤ እኔ ነኝ» አልኩ። «ባትሪውማ ከገባበት ቀን ጀምሮ የሞተ ነው። ማሽኑን በየጠዋቱ የነካሁት እኔ ነኝ። ቀን ሲጠይቀኝ የኛን ቀን እየሞላሁ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የመለስኩት እኔ ነኝ። እሷ አውቃ ሸፈነችኝ። ከአቅሟ በላይ ነው ብዬ ለርስዎ የተናገርኩትም እኔው ነኝ፤ ውሸት ነበር፤ አንሥቼዋለሁ።»

አቶ ጌትነት ፊታቸው ጠቆረ። «የተለጠፈውን ወረቀት ፈርመሽ የለም?»

«ፈርሜያለሁ። የመጣውን እቀበላለሁ። ግን በሦስት ቀን አላወቀችም ብለው አይፍረዱባት» አልኩና ማህደሬን ከፍቼ ያንን ቅጂ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። «ይኼ ረቡዕ ያመጣችልዎት የማሽኑ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ መስመር ራስ ላይ 2017፣ 07፣ 03 ይላል፤ በማሽን ላይ መኖር የሌለበት ዘመን ነው። ከሥሩ ደግሞ የርስዎ እጅ ነው፤ አይቻለሁ፣ 3/7/2017።»

ወረቀቱን አነሡት። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አወለቁ፣ እንደገና አደረጉ። አንድ ጊዜ የማሽኑን ቀን፣ አንድ ጊዜ የራሳቸውን ፊርማ አዩ። መጀመሪያ የሳቀው ዓብዱልላጢፍ ነው። «ወላሂ አንተ የሻረግ፣ ሁላችንንም በላኸን!» አለ፤ እኔን ሁልጊዜ በወንድ ነው የሚጠራኝ። ከዚያ የባምባሲው ሳቀ፣ የመንጌው ሳቀ። አቶ ጌትነት ለመሳቅ ጊዜ የሚወስድባቸው ሰው ናቸው፤ መጨረሻ ላይ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሳቁ ሳያልቅ ስልካቸው ጮኸ። ስሙን ሲያነቡ አየኋቸው፤ የአዲስ አበባው ድርጅት ነው። ተነሥተው ወጥተው ቢያወሩ ማን ይከለክላቸዋል? አልወጡም። እዚያው ሁላችንም ፊት አነሡትና አዳመጡ። «አመሰግናለሁ፤ አያስፈልገንም» አሉ። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው አንድ ነገር ጨመረ መሰለኝ፣ ወደ ኢቲዳል ዞረው አዩዋትና፣ «ሰው አለን» ብለው ዘጉት። ለኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡኝ፤ ፈርሜ ተቀበልኩ፣ ተገቢ ነው። ለሷ የቋሚነት ደብዳቤ እንዲጻፍላት አዘዙ።

ከስብሰባው ስንወጣ ኢቲዳል ግቢው ውስጥ ማንጎው ጥላ ሥር ቆማ ወደ መንጌ ደወለች። አጠገቧ ቆምኩ። ወላጆቼ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ የሰፈራ መንደር ተወልጄ እዚሁ ነው የኖርኩት፤ ይኼን ሁሉ ዘመን በበርታኛ ከሰላምታ ያለፈ አላውቅም፤ ይኼም ሌላው ማፈሪያዬ ነው። ከንግግሯ ውስጥ አልሐምዱሊላህ የሚለውን ለየሁ። ቀጥሎ የራሴን ስም ሰማሁ።

ስልኩን ስትዘጋ፣ «ምን ብለሽ ነው ስሜን ያነሣሽው?» አልኳት።

«አልሄድም አልኳት።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ማን አስቀረሽ አለችኝ።»

«እሺ፣ ምን አልሻቸው?»

«ስምሽን ነዋ የነገርኳት» አለችኝና ወደ ሥራዋ ገባች። እኔም እዚያው ማንጎው ሥር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ አለቀስኩ።